የቆጠራ ክፍል

ወረፋ ነው፤ ሲደርሰን፣ በሁለት ዓመት አንዴ
ካዚኖው ይጠራናል። መጀመሪያ ስሰማ «እንዴ!
ማኅበር ነን እኮ፣ የሚቀብር፣ የሚያስታምም፤
ቁማር ቤት ምን አለን?» ብዬ ነበር እኔም።
ነገሩ እንዲህ ነው፦ ሁለት ሌሊት እንቆማለን፣
ጠጠር እናመላልሳለን፣ ገንዘብ እንቆጥራለን፤
ከተበላው ብር ለመረዳጃችን
ድርሻ ይላክልናል፣ ለክረምት ስንቃችን።

ስብሰባ ላይ ወይዘሮ አጸደ እጃቸውን ሲያነሡ፣
«እርም ነው» አሉ፤ «ሳምቡሳችን ምን አጠፋ እሱ?»
ድንበሩ መነጽሩን አጥልቆ መዝገቡን ገለጠና
«ስድስት መቶ አርባ ሸጥን። ዘይቱ፣ ሥጋው ወጣና
አራት መቶ አሥር ቀረ፣ ከሦስት ቀን አበሳ።
የአንድ ቤት ኪራይ ሲሶ አይሞላም በሳምቡሳ።»
ዝም አልን። ኤድመንተን ያን ዕለት ከዜሮ በታች ሠላሳ ነበረ፤
ክርክሩም በረዶ ላይ እንደቆመ ጎማ ባለበት ተሽከረከረ።
በመጨረሻ ወይዘሮ አጸደ፣ ጓንታቸውን እያጠለቁ፦
«ሻይ አመጣላችኋለሁ፤ ብሩን ግን አልነካም፣ እወቁ።»

የመጀመሪያው ሌሊት አዳራሹ ውስጥ መደቡኝ፤
ጠጠር የሞላበት ሣጥን አስያዙኝ።
መብራት፣ ደወል፣ ሰው እንደ ገበያ፤
ግድግዳው ላይ ሰዓት የለም፣ ወዲህም ወዲያ።
እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ
አንድ ጀርባ አየሁ፣
ብርቱካንማ የሥራ ጃኬት፣ በትከሻው አንጸባራቂ መስመር፣
ማሽኑ ፊት።
ጥላዬ ነው።
ዞሮ አየኝ። ዓይኑን ሰበረ።
እኔም ጫማዬን አየሁ፣ አዲስ ነገር እንዳለው ሁሉ።
ሰላም ሳንባባል አለፍኩ፤ ሣጥኑ ውስጥ ጠጠሮቹ ብቻ ይንቋቋሉ።

በማግስቱ የቆጠራ ክፍል ገባሁ፤
መስኮት የለውም። ኪሱ የተሰፋ ልብስ አጠለቅሁ።
ብሩን ነክቼ እጄን ባነሣሁ ቁጥር
መዳፌን ዘርግቼ ለካሜራው ማሳየት ነው፣ ምንም እንዳልያዝኩ እንዲመሰክር፤
እንደሚጸልይ ሰው፣ ወይ እንደሚለምን።
ወይዘሮ አጸደ ኮሪደሩ ላይ፣ ፔርሙዛቸውን ታቅፈው ሲጠብቁን።

የካቲት ላይ ስልክ ተደወለ። ሰሚዎቹ ሦስት ነን።
ደንባችን አጭር ነው፦ ስም አንጠራም፣ በቁጥር እንመዘግባለን።
ቼኩ በአከራዩ ስም ይጻፋል፤
ጃኬት ሲገዛ የልጁ ቁመት ይጠየቃል፤
ምክንያት አይጠየቅም።
«ቁጥር አሥራ ሰባት» አለ ድንበሩ፣ ድምፁ ከፍ አላለም፤
«ሚስትና ሦስት ልጆች። የሁለት ወር ኪራይ።
ባል የበረዶ መጥረጊያ መኪና ይነዳል፣ ደህና ይከፈለዋል፤
ደሞዙ የት እንደሚገባ ግን አላውቅም ብላለች።»

እኔ አውቃለሁ።
ቆጥሬዋለሁ። ሃያ ሃያውን ደርድሬ፣ በላስቲክ አስሬ፣
መዳፌን አሳይቼ ነው የወጣሁት፣ «ባዶ ነው» ብዬ መስክሬ።

ምላሴ ላይ መጣ። ድንበሩ እስክሪብቶ አቀበለኝ፤
ሦስተኛዋ ሰሚ፣ ወይዘሮ አጸደ፣ ቼኩን በጣታቸው ጫፍ ገፉልኝ፣
ያን የማይነኩትን ብር።
ፈረምኩ። ገንዘቡ በሌላ በር
ወደ ቤቱ ሲመለስ፣ ዜሮዎቹን ደጋግሜ አየሁ፤
ከጥላዬ ኪስ እስከ ብዙነሽ ደጃፍ ስንት እጅ እንደነካው
ልቆጥር ሞክሬ፣ አቃተኝና ተውሁ።

መጋቢት መጨረሻ፣ በረዶው ጭቃ ሲሆን፣ ጥላዬ ቢሮ መጣ
(ቢሮ ያልኩት ከልብስ አጣቢው ሱቅ በላይ ያለች ጠባብ ክፍል ናት)፤
ሃያ ዶላር፣ የወር መዋጮ፣ ከዚያው ጃኬት አወጣ።
ደረሰኝ ስጽፍለት ግድግዳውን ሲያይ ቆይቶ፦
«ቀጣዩ ተራችሁ መቼ ነው? የካዚኖው?» አለኝ።

ሊርቅ ይሁን ሊመጣ፣ እንጃ።
ቀኑን ነገርኩት። ደረሰኙን ቀድጄ ሰጠሁት።
ምክንያት አልጠየቅሁም።