ሩብ ዙር

ጉም ከጦሳ ወርዶ ሆጤን ሲሸፍናት፣
ሱቄን ዘጋጋሁት፣ ገና በአሥር ሰዓት።
የሰው ሬዲዮ ሁሉ፣ ሆዱ ተዘርግፎ፣
ነገን ይጠብቀኝ በየወንበሩ አርፎ።
የለኝም ዛሬማ ለሌላ ሰው ጣቴ፤
ሸክላ ትቶልኛል ይማም ሙሄ አጎቴ።

ኤንትሬ ይነዳ ነበር፣ ከአሰብ ኮምቦልቻ፣
ሎግያን ሚሌን አቋርጦ፣ ሌሊት ሌሊት ብቻ።
አንድ የግሪክ መርከበኛ፣ ወደብ ላይ የከሰረ፣
በአንድ ሙክት ፍየል ሸክላውን ቀየረ።
ከልባሱ ጥግ ላይ አራት ክብ ታትሟል፤
"ባለ አራት ጎማ ነው!" እያለ ይስቃል።
ባለ አንድ አፍ ነበረ ማጫወቻው ያኔ፤
በመኪናው ባትሪ ሲያስጮኸው በዓይኔ
አይቻለሁ፣ ልጅ ሆኜ፤ መርፌው ሲደነዝበት
የእናቴን የስፌት መርፌ ሞርዶ ሲተካበት።
ዘጠኝ ዓመት አረሰው፣ ያንኑ ክብ ትልም፤
ከአራት አፍ ሦስቱ ዝም እንዳሉ አላወቀም።

ነገሩ እንዲህ ነው፦
ትልሙ ሁለት ግድግዳ አለው።
የፊቱን ድምፅ ሲያነብ መርፌው ጎን ለጎን ይወዛወዛል፤
የኋላው ግን ሩብ ዙር ዞሮ፣ ከፊተኛው ጥላ ሥር አድፍጦ፣
ሽቅብ ቁልቁል ይሄዳል፣ እንደ ፌንጣ።
ሁለት ገመድ ገብቶ አራት ሆኖ እንዲወጣ
የሚደመር አለ፣ የሚቀነስ አለ፣
ተራው እስኪደርስ የሚዘገይ አለ።

ልብስ ሰፊው ሞገስ፣ ዜማ ቤት የከረመ፣
"ይኼማ ቅኔ ነው!" ብሎ ተገረመ፤
"ሰሙን ግፈፍና ወርቁን አውጣው በቃ!"
(ሞጌ ቅኔ ሲያይ ነው ከእንቅልፉ የሚነቃ።)
"እኔ የማቀልጠው እርሳስና ቆርቆሮ፤
ወርቁ ካለም ይውጣ፣ በዚህ ሽቦ ዞሮ።"

እህቴ ዘይነባ ከጂዳ የላከችው ሆም ቴአትር
አምስት ስፒከሩ ዳንቴል ለብሶ ሲከበር፣
የፕላስቲክ አበባ ተሸክሞ ሲኖር —
ዳንቴሉን ገፈፍኩት። ሰዓዳ ገላመጠችኝ።
ሁለቱን ከፊት፣ ሁለቱን ከሶፋው ኋላ፤
አምስተኛው ከነአበባው ይረፍ።

መጀመሪያ ገመድ ተምታታብኝ፤
ዘፋኙ ከድንቹ ጆንያ ኋላ ሆኖ አዜመ፣
ከበሮው ኮሪደር ገባ፣
ሰዓዳ ሳቋ አመለጣት።
አገላበጥኩት።

እና
ከፊት ጊታር፣ በማላውቀው ቋንቋ የማላውቀው ሰው፤
ከግራ ኋላ ጭብጨባ፤
ከቀኝ ኋላ ቃጭል፣ ትንሽዬ ቃጭል፣
ሃምሳ ዓመት የታፈነ፣
አጎቴ ስንት ሺህ ጊዜ በላዩ አልፎ ያልሰማው።

ከዚያ ነው ሌላው የመጣው።
ጭረቱ ሁሉ፣ ብናኙ ሁሉ፣
አረማመዱ ሽቅብ ቁልቁል ነውና
ሽቦዬ "የኋላ ድምፅ" ብሎ ቆጠረው፣
ወደ ኋላ ላከው።
ፊት ለፊቴ ባንዱ ንጹሕ፣ የተላጨ፣ የታጠበ፤
ከኋላዬ ቸርር፣ ጠቅ፣ ቸርር፣ ጠቅ —
የሚሌ አቧራ፣
የእናቴ የስፌት መርፌ፣
ባትሪው እስኪደክም የተቀመጠ አንድ ሰው።
አልዞርኩም።

"እጠበው እንጂ" አለች ሰዓዳ፣
ለብ ያለ ውሃ፣ ለስላሳ ጨርቅ አቅርባ።
አንደኛውን ገጽ አጠብኩ፣ በትልሙ አቅጣጫ፣ ቀስ ብዬ፤
ሳፋው ሥር አሸዋ ዘቀጠ፣
በጣት የሚነካ፣ ጨው ጨው የሚል።
ሁለተኛውን ተውኩት።

አሁን ሰዓዳ ሸክላውን ስታነሳ
"የትኛውን ገጽ?" ትለኛለች።
በመስኮት ወደ ጦሳ አያለሁ።
ጉም ካለ፣ ሁለተኛውን።