ማን ያውቃል

የውሻው ስም “ማን ያውቃል” ነው።
ያወጣችለት ትርሲት ነች፤
“ዝርያው ምንድን ነው? የማን ነው?” ላለ ሰው
ስሙን ጠርታ ብቻ ትገላገላለች።

ሐምሌ ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው፣
ከቦሎኛ ወጣ ብሎ፣ አንድ ማደያ፣
ቤንዚን ልንቀዳ ቆመን ነው ያየነው፤
ከጎማ መንፊያው ጎን፣ ከቆሻሻ መጣያ፣
ሰማያዊ ገመድ አንገቱ ላይ ቀርቶ፣
ጫፉ ተበጥሶ፣ ወይም ተፈትቶ።

ቤንዚን ቀጂው ልጅ ትከሻውን ሰብቆ፣
ቃሉን እየመረጠ፣ ተጠንቅቆ፣
“በየዓመቱ ነው” አለን፤
“ሰው ለባሕር ሲነሳ ሻንጣው መኪናውን ይሞላል፤
እዚህ ሲደርሱ አንድ ነገር ይረሳል።”
ይረሳል፤
እንደ ጃንጥላ።

ትርሲት ምንም አላለች። የኋላውን በር ከፈተች፤
ድንኳኑን ወደ ጥግ፣ ሐብሐቡን ወደ እግሬ ገፋች፤
ከግራዝ ጀምሮ የተነታረክንበትን ካርታ
አነጠፈችለት፤ ተኛበት በደስታ።
(በደስታ ያልኩት ለቤት መምቻ ነው።
ሲንቀጠቀጥ ነበር፤ ያየሁት እኔ ነኝ፣ የማውቀው።)

ፊያቷ በዕድሜ ከኔ ስድስት ዓመት ታንሳለች፤
ዳገት ላይ ታቃስታለች፣ ቁልቁለት ላይ ታፏጫለች፤
አንኮና ስንገባ ግን ጨርሳ ዝም አለች።

መካኒኩ ሽማግሌ ነው፣ ሲጋራ ጆሮው ላይ የሰካ፤
የኛ ጣልያንኛ ከሰላምታ አያልፍም ለካ።
ኮፈኑን ከፍተን በአማርኛ ተጨቃጨቅን፤
“ካንዴላው ነው” ስላት፣ “የለም፣ ፍሪሲዮን!”
ሰውየው ቀና አለ፤ አንዴ እሷን፣ አንዴ እኔን አየ፤
“ካንዴላ!” አለ እየሳቀ፣ በጣቱ እያሳየ።
እኛም ያለንን ሁሉ አወጣንለት፦
ማርሚታ፣ ፒንሳ፣ ጎሚስታ፣ ካቻቢቴ፤
አጨበጨበ፣ እንደ ልጅ ትምህርት ቤት።
ቃላቱን አንድ ሰው እኛ ዘንድ ጥሏቸው ሄዷል፤
አንስተን አሳድገናል።
ማንም ተመልሶ አልጠየቀም፤ እኛም አልመለስንም።
ለሠራበት ግን ግማሽ ብቻ ነው የተቀበለን።

ማን ያውቃል አንድ አመል አለው፤
ማደያ በደረስን ቁጥር ዘሎ ይወርዳል፣
መኪና ከሚገባበት አስፋልት ጫፍ ይቀመጣል።
ውሃ ቢሰጡት እምቢ፤ ሥጋ ቢጥሉለት እምቢ።
ቀይ ይገባል፣ ዝም። ግራጫ ይገባል፣ ዝም።
ነጭ ሲገባ ጆሮው ይቆማል።
የመኪናቸውን ቀለም ያወቅነው እንዲህ ነው።

ፔስካራ አጠገብ አንድ ነጭ ቆመ።
ሮጦ ደረሰ፤ ጎማውን አሸተተ፤
በሩን ዞረ፤ ደግሞ ዞረ፤
ሕፃን ልጅ በመስኮት ብስኩት ወረወረ፤
ብስኩቱ አስፋልቱ ላይ ቀረ።
አንገቱን ደፍቶ ሲመለስ
“አይዞህ” ልለው ነበር፤
በየትኛው ቋንቋ እንዳሳደጉት ግን አላውቅም።

ፎጃን አልፈን፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ውሃ ልገዛ ወረድኩ።
ወረፋ ነበር። ሁለት ጠርሙስ አቅፌ ስወጣ
መኪናዋ የለችም።
በቆመችበት ቦታ ጠብታ ዘይት አለ፤ ሌላ ምንም።
ስልኬ ጋቢና ውስጥ ነው። ቦርሳዬም እዚያው።
ጠዋት ስለ መስኮት ተጣልተናል፤
“ከአንተ ጋር መንገድ!” ብላኛለች፣
የቀረውን ሳትጨርሰው።
እግሬ፣ ሳላዘው፣ ወደ አስፋልቱ ጫፍ ወሰደኝ።
ቆምኩ።
የሚገባውን መኪና ሁሉ አየሁ፤
ሹፌሮቹን በየፊታቸው፤
አንዷ ሴትዮ ዓይኗን ሰበረች።
ሦስት ደቂቃ ቢሆን ነው። ቢበዛ አራት።
የጠርሙሱ ላብ በክርኔ ወርዶ ጫማዬ ላይ ይንጠባጠባል።

ከዚያ ከጭነት መኪኖቹ ጀርባ
ሰማያዊ ገመዱን እየጎተተ መጣ።
ጫማዬን አሸተተ፤
ዞረኝ፤ ደግሞ ዞረኝ፤
የሱሪዬን ጫፍ በጥርሱ ያዘ።

“ጥላ ፈልጌላት ነው እኮ!” አለች ትርሲት ከዛፉ ሥር፣
“ምነው? ፊትህ ምን ሆነ?”
“ምንም” አልኳት። “ወረፋ ነበር።”

በሚቀጥለው ማደያ ማን ያውቃል ወረደ፤
እንደ ልማዱ አስፋልቱ ጫፍ ሄዶ ተቀመጠ።
እኔም ወርጄ አጠገቡ ተቀመጥኩ፣
ትርሲት ክላክስ እስክታሰማ።