ፊኛ መላጨት

በዞንጉልዳክ ከተማ፣ በጥቁር ባሕር ዳር፣
ከዓሣ ተራው በላይ፣ ፎቅ ላይ፣ አሥራ ሁለት ወንበር፤
አሥራ ሁለት መስታወት፣ አሥራ ሁለት ተማሪ፤
አሥራ አንዱ ገና ልጅ ነው፣ እኔ ጡረታ ጀማሪ።

ቶልጋ አሥራ ሰባት ዓመቱ። "አጎቴ" ነው የሚለኝ።
መቀሱ እንደ ወፍ ይንጫጫል፤
የእኔው ፀጉር ነክሶ ያላምጣል።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ መሬት ሆድ ውስጥ ሠርቻለሁ፤
መሮ፣ አካፋ፣ ድማሚት፣ የጨበጥኩትን አውቃለሁ።
አጥብቀህ ያልያዝከው ነገር፣ እዚያ፣ ይገድልሃል፤
እዚህ አጥብቀህ ከያዝክ ሰው ይደማብሃል።
"እንደ እንቁላል!" ትላለች መምህርት ፐሪሃን፣
"ምላጩን ያዘው እንደ እንቁላል፤ ማነው ጠላትህ አሁን?"

የመጀመሪያው ደንበኛችን ፊኛ ነው፤ ቀይ፣ የተነፋ።
በብሩሽ ፊቱን እናለብሳለን፣ እስከ አንገቱ፣ በአረፋ፤
ምላጩን ጋደም አድርገን፣ ቀስ ብለን እንላጨዋለን፤
ከፈነዳ ሰውዬው ሞቷል፤ አረፋ ለብሰን እንቀራለን።

የእኔ ሟቾች በአንድ ሳምንት አርባ አንድ ደረሱ፤
ልጆቹ በየፍንዳታው ሆድ ይዘው በሳቅ ፈረሱ።
እኔ ግን ጎንበስ እላለሁ፣ ራሴን በክንዴ ከልዬ፣
ትንፋሼን ውጬ እጠብቃለሁ፣ ጣሪያው ይናዳል ብዬ።

ምክንያቱን የነገራቸው የለም። አንድ ቀን ግን ሳቁ ቆመ።
ቶልጋ ድምፁ እንዲቀልልኝ
ፊኛዬን በግማሽ ነፍቶ፣ ቋጥሮ ሰጠኝ፤ ዝም እንዳለ።

ኅዳር ላይ አንዱ ፊኛ ሳይሞት ተላጨ፤
ጥርት ያለ ቀይ ፊቱ በመስኮቱ ብርሃን አብለጨለጨ።
በክር አስሬ ወሰድኩት፣ ከአባቴ አልጋ በላይ ሰቀልሁ፤
በሦስተኛው ቀን ተጨማዶ፣ "እኔን መሰለ" ሲል ሰማሁ።

ሳሙና ሥራውን ሠራ። ጥፍሬ ሥር የኖረው ጥላሸት፣
ሚስቴ በሎሚ ፈግፍጋ ያቃታት፣ ለቀቀኝ አንድ ምሽት።
ከዐይኔ ጠርዝ ብቻ አልወጣም፤ እንደ ኩል ተስሎ ቀርቷል፤
"ለማን ተኳልክ፣ አጎቴ?" እያለ ቶልጋ ይቀልዳል።

ለፈተናው ሰው አምጡ ተባለ። ፊኛ አይደለም፤ ጢም ያለው።
አባቴን ሰይፈቲንን አመጣሁ፤ ሰባ ስድስት ዓመቱ ነው።
ከፍንዳታው ዓመት ወዲህ ምላጭ ነክቶት አያውቅም፤
ለምን ብዬ ጠይቄው አላውቅም፤ እኛ ቤት አይጠየቅም።

ትኩስ ፎጣ። አረፋ። ቆዳውን በአውራ ጣቴ ወጥሬ፣
ከጆሮው ሥር ጀመርኩ፤ ጢሙ ረገፈ እንደ በረዶ ፍሬ።
ግራ ጉንጩ ላይ ስደርስ፣ ከነጩ ጢም ሥር አየሁ፦
ሰማያዊ ነጠብጣብ። ከሰል ነው፣ ቆዳ ውስጥ የቀረ። አወቅሁ።

እጄን ያዘኝ። "ይህን ተወው" አለኝ በዝግታ፣
"ወንድሜ እዚያ ውስጥ ነው።" ከዚያ በኋላ ጸጥታ።
ፈታኙ ሰዓቱን አየ። ሰባት ደቂቃ ቀርቶኛል፤
ደንቡ "ሙሉ ፊት" ይላል፤ ብተወው ነጥብ ይቀነስብኛል።

ዙሪያውን ላጨሁት። ሳንቲም የምታህል ጢም፣ እንደ ሣር፣
መቃብር ላይ እንደሚተው፣ ተውኩለት፣ ሳልናገር።

ፈታኙ በጣቱ ዳሶ፣ "ይሄስ ምንድን ነው?" አለ።
"ደንበኛው አልፈቀደልኝም" አልኩት፤ ብዕሩ ተንጠለጠለ።
ፐሪሃን በሩ ላይ ሳል ያዛት፤ ጉንፋን ግን አልነበረባትም።
ሰባ አንድ ሰጠኝ።
ማለፊያው ሰባ ነው። ያችን አንዲት ነጥብ ከየት እንዳመጣት
አልጠየቅኩትም።

ፈቃዱ ከመስታወቱ አጠገብ ተሰቅሏል፤ ማኅተሙ ዘመም ብሏል።
አባቴ በየዓርቡ ይመጣል፣ አገጩን ሽቅብ ይሰጠኛል።
ያችን ሳንቲም ታክል ስፍራ ስትደርስ፣ ምላጬ ትዞራለች፣
ለቀብር መንገድ እንደሚለቅ መኪና
ቀስ ብላ ታልፋለች።

ቶልጋ ሁለተኛው ወንበር ላይ ነው።
ዛሬም ጢም አልወጣለትም።