ብኝ

ፑንታሬናስ ወደብ፣ ከዓሣ ገበያው ጀርባ፣
ቀን ሕፃን ሲደምርባት፣ ማታ ጎልማሳ ሲገባ
የማትተኛ ክፍል አለች፣ ቆርቆሮ የለበሰች፣
የጨውና የጠመኔ ሽታ የቀላቀለች።

ኦቪዲዮ ከፊት ነው፤ ስልሳ ሦስት ዓመቱ፣
ዴስኩ የልጅ ሆኖበት አልገባ ብሎ ጉልበቱ።
መረብ ሲጎትት የኖረ እጅ እርሳስ ሲይዝ ይፈራል።
መርከብ በመጣ ቁጥር ቱሪስት ይራገፋል፣
ቱሪስት በተራገፈ ቁጥር እንግሊዝኛ ይጠየቃል።
አስተማሪው እኔ ነኝ። ሆቴሉ ያደለን ወረቀት በእጄ አለ፦
«ሁለት መቶ ጠቃሚ ሐረጎች»።

«በኛ አፍ ረሃብ አለን፣ ዕድሜ አለን፣ እንደ ሳንቲም በኪሳችን፤
በነሱ ‹ነኝ› ነው እንጂ ‹አለኝ› አይሆንም መልሳችን።
‹አይ አም ሀንግሪ›። ‹አይ አም ሲክስቲ ስሪ›። በሉ።»
ኦቪዲዮ ሳቀ፦ «እኔው ራሴ ስልሳ ሦስት ከሆንኩ፣
ያን ሁሉ የተሸከምኩትን ዓመት የት አወረድኩ?»

ዝናብ ጣሪያውን ደበደበ። ምሳሌ ከሰማይ ወረደልኝ፤
«ኢት ኢዝ ሬይኒንግ» ብዬ ጻፍኩ።
«ይሄ ‹ኢት› ማነው?» አለች ዮርሌኒ፣
በባሕሩ ዳር የተፈጨ በረዶ በሽሮፕ የምትሸጠው።
«ማንም አይደለም።»
«ማንም ካልሆነ ከፊት ወንበር ማን አስቀመጠው?»
እንግሊዝኛ ባዶ ወንበር አይወድም አልኳት፤
ሰው ሲጠፋ ‹ኢት›ን ይጎልታል።

ኤዱቪሄስ ከኋላ ናት፤ ሆቴል አንሶላ የምትቀይር፣
ከሁሉ ቀድማ መጥታ ከሁሉ ኋላ የምትናገር።
ባለፈው ወር ብርጭቆ ነበር። በኛ አፍ «ተሰበረብኝ» ነው፤
ብርጭቆው በራሱ ሄዶ፣
እሷ ላይ የደረሰ መርዶ።
ወረቀቱ ግን ቁጥር አርባ አንድ ላይ «አይ ብሮክ ኢት» ይላል፤
ሰበርኩት፣ እኔው፣ በገዛ እጄ።
አጥንታ እንደተጻፈው አለችው።
ከደሞዟ ቆረጡ።
«የቀጣኝ ሰዋስው ነው» ስትል ክፍሉ ሳቀ፤
እሷ አልሳቀችም።

ዛሬ እጇን አወጣች።
«መምህር፣ ‹ሴ ሜ ሙሪዮ› በነሱ እንዴት ነው?»
ወንበር እንኳ አልተንቋቋም። ሁሉም ያውቃል፤
የኒኮያ ባሕረ ሰላጤ በጥቅምት
ዊልበርትን፣ ጀልባውን፣ ሁለት ጀሪካን ቤንዚኑን
ወስዶ ጀሪካኖቹን ብቻ መለሰ።
ልጄ ሞተብኝ።
እኔም ጻፍኩ፦ «ማይ ሰን ዳይድ»።
ሦስት ቃል። ጠመኔው ሲጢጥ አለ።

ብዙ አየችው። «ሞተ ይላል፤ እሱስ ገባኝ።
‹ብኝ› የት ሄደች? እኔስ የት ነኝ?»
«‹ማይ› ውስጥ ነሽ» አልኳት፣ «እዚህች፣ መጀመሪያዋ ላይ።»
«ጠባለች» አለች፣
ደብተሯን ከድና።

በሚቀጥለው ማክሰኞ በስብሳ ገባች፤
ጃንጥላዋን ነፋስ ገልብጦት፣ ጫማዋ ውኃ እየተፋ።
ደጃፉ ላይ ቆማ፣ ከወረቀቱ ያልሆነ፣ የራሷ፦
«ኢት ሬይንድ ኦን ሚ።»
«ልክ ነው!» አልኳት። ኦቪዲዮ አጨበጨበ።
አልተቀመጠችም።
«‹ኦን ሚ›... ይቺ አይደለች ‹ብኝ›?»
«ለዝናብ ከሆነ፣ አዎ...»
«ለዝናብ» አለችና ጠመኔውን ከእጄ ወሰደች።
ፊደሎቿ ወደ ታች ይንሸራተታሉ፣ እንደ እርጥብ ገመድ፦
«ማይ ሰን ዳይድ ኦን ሚ»።

መጽሐፉ ምን እንደሚል አልከፈትኩም።
ማጥፊያ ጨርቁ በግራ እጄ ነበር፣
ክፍሉ በሙሉ እጄን ያያል።
«ገጽ ሃያ ስድስት» አልኩ።

ሁሉም ሲወጡ መብራቱን አጠፋሁ።
ሰሌዳው የማለዳ ልጆች ነው፣ ጠርጎ መሄድ ደንብ ነው፤
ዘበኛው ሁለት ጊዜ ነግሮኛል።
ቆልፌ ወጣሁ። ጃንጥላ አልያዝኩም፤
እስከ አውቶቡሱ ድረስ
ዘነበብኝ።