የፎንግ ሁለት ደቂቃ

አፕሊዩ መንገድ ላይ ዝናቡ ሲያባራ፣
ገና ሲያንጠባጥብ የነጋዴው ሸራ፣
ከሪሞት ክምር ሥር፣ ከቻርጀር ጥልፍልፍ፣
አየሁ የብስኩት ጣሳ፣ ሰዓት ትርፍርፍ።

እጄን ሰደድኩና አንዱን መዘዝኩት፤
አራት ማዕዘን ነው፤ ብር ቀለም ቢቀቡት
ፕላስቲክነቱ አልቀረም፤ ጠርዙ ተገሽልጦ
ጥቁሩ ይስቃል ከብሩ ሥር አግጥጦ።
ከላይ ሁለት ዘንጎች፣ የጉንዳን እግር ያህል፣
ከታች ግራጫ መስኮት፣ ቁጥር የሚያበቅል፤
አንድ ጠባብ ቤት ውስጥ፣ በአንድ ማሰሪያ ላይ፣
ሁለት ዓይነት ጊዜ፣ ተከራይ በተከራይ።

«ስንት ነው?» አልኩት። ሽማግሌው ቻው ከጋዜጣው ሳይነቀል
«ሠላሳ ዶላር» አለ፤ «ባትሪ ከጨመርክ አርባ ይሆናል።»
«ይሠራል ወይ?»
«እኔስ ይኸው እየሠራሁ አይደል ወይ?»
(ሰባ ስምንቱን ደፍኗል።)

ስድስተኛ ክፍል ትዝ አለኝ፤ ልክ ሰዓቱ ሲሞላ
አንዱ ጢጥ ይላል ከፊት፣ አንዱ ጢጥ ከኋላ፣
ከመስኮቱ ዳር፣ ከበሩ ጥግ፣ ከመሃል፣
አርባ አንድ ልጅ፣ አርባ አንድ ክንድ፣ እንደ ፈንዲሻ ይንጣጣል።
ሚስ ክዎክ ጠመኔዋን አየር ላይ ሰቅላ ትጠብቃለች፣
የመጨረሻው ጢጥ እስኪል፤
ከዚያ «እሺ፣ አሁን ሞላ» ትላለች።
የመጨረሻው የእኔ ነበር።
ለማንም አልተናገርኩም ነበር።

ኪሴ ውስጥ ስልክ አለ፣ ከሰማይ ጠይቆ የሚያድር፣
ሰከንድ የማይስት፣ እርምጃዬን የሚቆጥር፣
ባልተኛ የሚወቅሰኝ፣ የልቤን ምት የሚሰልል።
ይሄኛው ግን ምንም አይል፤
ጎኑን ሲጫኑት፣ የሩዝ ፍሬ የምታህል መብራት አለችው፣
ከቁጥሩ ግማሹን ታሳይና
ሌላውን ለጨለማው ትተወዋለች፣ እሱ ይጨርሰው።
ስለዚህ ወደድኩት። ሌላም ምክንያት አለው።

እናቴ በልጅነቷ፣ ክዉን ቶንግ፣ ስምንተኛ ፎቅ ላይ፣
ከጠዋት እስከ ማታ፣ ፀሐይ ሳታይ፣
በወረንጦ ጫፍ ዘንግ ትተክል ነበር፣ ትንፋሿን ውጣ፣
በቀን ዘጠኝ መቶ፣ ጣቷ እስኪነጣ።
ታች ያለው ቁጥር ምን እንደሚል አይታ፣
ላይ ያሉትን ዘንጎች ከእሱ ጋር አስማምታ፤
ሥራዋ ያ ብቻ ነው፣ ሁለት ጊዜ ማስታረቅ።
ማታ በሩ ላይ ዘበኛው ቦርሳዋን ሲበረብር፣ እሷ ቆማ ስትሳቀቅ።
የራሷ ሰዓት አልነበራትም፤
ስንት ሰዓት እንደሆነ የምትጠይቀው የአውቶቡስ ሹፌር ነበር።

ሰጠኋት። መነጽሯን ፈለገች፤ ግንባሯ ላይ ነው።
አገላበጠችው። በጥፍሯ ነካ ነካ አደረገችው።
«ይሄ የእኔ እጅ አይደለም።»
«በምን ለየሽው?»
«ታች ሦስት ሰዓት ሲሞላ፣ ላይኛው ሁለት ደቂቃ ይቀረው!
ይሄ የፎንግ ነው፤ ከግራዬ የምትቀመጠው።
ያን ሰሞን የማሸጊያ ክፍሉን ልጅ ወድዳ፣
ዓይኗ በሩ ላይ ነበር፣ እጇ እየከዳ።
የዚያ ሳምንት ሰዓት ሁሉ እንዲህ ነው፣ ወደኋላ የሚጎተት፤
ስንት አገር ደረሰ መሰለህ! እሷን ደሞዝ ቆረጡባት።»

«ተጋቡ?» አልኳት።
ሰዓቱን ጆሮዋ ላይ ለጠፈች፤
የሌለ ድምፅ አዳመጠች።
«ባትሪው ደክሟል» አለች።

ጎኑ ላይ የተቀበረ ቁልፍ አለው፤ በመርፌ ሲወጉት
ዘንጉ ወደፊት ይራመዳል። መርፌ አመጣች።
ጎንበስ አለች። ቆየች።
መርፌውን ሹራቧ ላይ ሰካችው፣ ሩዝ ልትጥድ ሄደች።

አሁን ሚኒባስ ውስጥ ነኝ። ጢጥ አለ።
ከጎኔ ያሉት ስልካቸው ላይ ናቸው፤ ማንም ቀና አላለ።
ታች ያለው ቁጥር ደርሷል።
ላይኛው ዘንግ ገና ነው፤
በሩን እያየ ነው።