ከዘፈኑ ሥር ያለ ዝናብ

ሂርማታ ገበያ፣ ከልብስ ሰፊው ማዶ፣
ማይኩን በሬዲዮው አፍ እንደ ወጥመድ ጠምዶ፣
አባቴ ነዚፍ ዘፈን ይይዝ ነበር በካሴት፣
«ዝም በሉ!» እያለ ለሞላው ቤት።

እኛስ ዝም አልን።
የጅማን ዝናብ ግን ማን ዝም ያሰኘዋል?
ከዘፋኙ ቀድሞ፣ ቆርቆሮው ላይ ሆኖ፣ እሱ ይጀምረዋል።
አንዳንዴም ከሁለተኛው ስንኝ በፊት አባቴ ይስላል፤
ሳሉም አብሮ ይቀዳል፣ አብሮም ይሸጣል።

ከአጋሮ እስከ ሰቃ ሰዉ ያን ዘፈን ያወቀው ከነዝናቡ ነው።
የጎረቤታችን ልጅ ሸምሱ አዲስ አበባ ሄዶ ቢሰማው፣
«ጎደለ» አለ አሉ፤ «ዘፋኙ ደረቀ፣
ኧረ በአላህ፣ ዝናቡን ማን ሰረቀ?»

አያቴ አባ ዲጋ፣ በመንዙማ ያደገ ጆሮውን ሸፍኖ፣
ይል ነበር ከደጃፉ፣ «ይኼም ዘፈን ሆኖ!»
ግን ቶሎ አይሄድም። ከዘራው መሬቱን
ቀስ እያለ ይነካል፣ ጠብቆ ምቱን።

ሱቁ ዛሬ የእኔ ነው። የሞባይል መስታወት እቀይራለሁ፣
ሚሞሪ እሞላለሁ፣ ሺህ ዘፈን በሃምሳ ብር እሰጣለሁ።
ሁሉም ጥርት ያለ ነው፤ ሳል የለው፣ ጎረቤት የለው፤
«ዝም በሉ» የሚልም የለ፣ ሰዉ በየጆሮው ሰክቶ ዝም ያለ ነው።

ሐምሌ ላይ የባጃጁ ናስሩ መጣ፤ «እናቴ ዘይቱና
ያንን ከነዝናቡ ትላለች፤ እስቲ ፈልጊና።»
ፈለግኩ። ካሴቱን ልሶት ነበር የቆጡ እርጥበት፤
በአልኮል ጠርጌ፣ በእስክሪብቶ አጥንጥኜ፣ ስልኩ ላይ ጫንኩለት።

በሳምንቱ ከፈረንጅ አራዳ ስሳፈር፣
ባጃጁ በሙሉ በምት ይርገፈገፍ ነበር።
ዘፋኙን አውጥቶታል። ቃሉ የለ፣ ዜማው የለ፤
ዝናባችንን ቆራርጦ ከበሮ ላይ ሰቀለ።

«ይኼም ዘፈን ሆኖ!» ምላሴ ጫፍ ደረሰ፣
የአያቴ ቃል፣ ሳይሻግት፣ ሳይበጠስ፣ እኔን የወረሰ።
ልለው ስል፣
ከምቱ ሥር፣ በየአራተኛው ዙር፣
አንድ ሰው ሳለ።

ናስሩ አያውቅም። «ይቺን» አለኝ በመስታወቱ እያየኝ፣
«ይቺን ወድጃታለሁ፤ እንደ ጭብጨባ ናት።» እኔን ብርድ ያዘኝ።

አዌቱን ተሻገርን። «ወራጅ» ማለት ነበረብኝ፣ አላልኩም፤
ጃንጥላዬ ወለሉን ይነካ ነበር፣ እኔ ግን አላዘዝኩም።