ሰባት ቤት

ሲፈን ልታገባ ቀን ሊቆረጥላት፣
«ቁጠሪ» ተባልኩኝ እስከ ቤት ሰባት።
ከሟች አባቴ ካፖርት፣ ከውስጥ ኪሱ ያገኘሁት
የምድር ባቡር ደረሰኝ፣ ዘርግቼ አየሁት፤
በፊቱ በፈረንሳይኛ ስንት ኩንታል ጨው፣
በጀርባው በእርሳስ የዘር ሐረጋችን ነው።

እኔን አጥናፌ ወለደ፣ አጥናፌን ዘርጋው፣
ዘርጋውን ግራዝማች፣ ይህን ቤት የዘረጋው።
ከዚያ በላይ ያለውን እጥፋቱ በልቶታል፤
ለሲፈን አራት ቤት ሞላ፣ ሦስቱ ይጎድላል።

ቤቱስ ይኸው ቆሟል፣ ከለገሃር ጀርባ፤
የአዳማ ንፋስ ከነአቧራው በበሩ ሲገባ
በመስኮቱ ሲወጣ ኖረ፣ ቤተኛ ሆኖ፤
ቆርቆሮው ከጅቡቲ መጥቷል፣ በባቡር ተጭኖ።
እግሩ ጥቁር ድንጋይ፣ ሰገነቱ የጥድ እንጨት፣
ባቡር ባፏጨ ቁጥር ግራዝማች ሰዓት የሚሞሉበት።

በስልሳ ሰባት ላይ «ትርፍ ቤት» ተባለ፤
ፎቁ በችፑድ ለስድስት ተከፈለ።
አባቴ እስኪሞት ድረስ «ቤቴ» ይለው ነበር፣
ኪራይ እየከፈለበት፣ በየወሩ ሰባት ብር።
ዛሬ ስድስት የመብራት ቆጣሪ በአንድ ግድግዳ ላይ፤
የዘር ቆጣሪ ግን ከእኔ ሌላ የለም ወይ?

ከማድ ቤቱ መቃን ላይ በቢላ የተጫረ
የልጆች ቁመት አለ፣ ቀለም አልፎት የኖረ።
ዘርጋው፣ እህቱ አልጣሽ፣ ታናሻቸው ሀብቴ፤
አንዱ ግን ስም የለውም። «ይሄስ?» ስላት እናቴ
«እንጨቱ ነው» አለች፣ «ራሱ የተሰነጠቀ።»
አመንኩ። ልጅ ነበርኩ። እንጨት መሰንጠቁን ማን አላወቀ።

እሑድ ከወንጂ ኦቦ ደገፋ መጡ፣ የልጁ አያት፤
ከዘራቸውን አስደግፈው ቆጠሩ ካባት ወደ አባት፤
«ልጁን ፈይሳ፣ ፈይሳን እኔ፣ እኔን ቡልቶ…»
ዝም አሉ። የጎረቤት ልጅ ኳስ ከፎቅ ወረደ፣ አንድ አንድ ደረጃ ቆጥሮ።
«ቡልቶን ኩለኒ ወለደች፣ የዚሁ ቤት አብሳይ፤
የአባቱን ስም ስንጠይቅ መልሷ ነበር ‹አይ!›»

ተነሡ። መሪ ሳይዙ ማድ ቤቱን አገኙት፤
ጎንበስ ብለው ያን ጭረት በአውራ ጣት ነኩት።
«አባቴ ነግሮኛል፣ እዚህ ነው፣ ስድስት ዓመት ሳለው፤
ቢላዋውን የያዘው ግራዝማች ራሱ ነው።»

ግጥም ቤት ሲመታ ጆሮ ደስ ይለዋል፤
የዘር ቤት ሲመታ ግን ሠርገኛ ይበተናል።
ከሁለት ወገን ቆጥረን አራተኛው ላይ ደረስን፣
ሰባት ቤት ፍለጋ ወጥተን፣ እዚሁ ቤት ተመለስን።

ሲፈን ሥራ ፈልጋ ብርጭቆ ሰበሰበች፤ ልጁ አቀረቀረ፤
«እርሳስ አለሽ?» አሉኝ ኦቦ ደገፋ። አጭር ቢሆንም ነበረ።
ከዘርጋው ጎን፣ ባዶው ላይ፣ «ቡልቶ» ብዬ ስጽፍ
እጄ ከበደ መሰለኝ፤ ወረቀቱን ወጋው የእርሳሱ ጫፍ።
ገልብጬ ሳየው፣ ቀዳዳው ያረፈው
የኩንታሉ ቁጥር ላይ፣ ከጨው አጠገብ ነው።